የካሜራ ቪዲዮን ለኤዲቲንግ ማዘጋጀት፦ ከጅማ የሰርግ ቀረጻ የተገኘ ዝርዝር መመሪያ

ጥር ሲገባ ጅማ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው እንቅልፍ የለውም። ቅዳሜ አጂፕ ሰርግ፣ እሁድ ቆጪ ሌላ ሰርግ፣ ሰኞ መልስ። ቀረጻው ግን ቀላሉ ነው። ጉዱ የሚጀምረው ማታ፣ ሚሞሪውን ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩ ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሰርግ በሦስት ዓይነት ካሜራ ተቀረጸ። አንዱ የቆየ የእጅ ቪዲዮ ካሜራ ነው። ሁለተኛው አዲስ፣ 4ኬ የሚቀርጽ። ሦስተኛው የሙሽራዋ የአጎት ልጅ ስልክ። ሦስቱንም ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ ከተትኳቸው። የመጀመሪያው ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው በየሰከንዱ ስታክ ያደርጋል። ሦስተኛው ሲጀምር ደህና ነው፤ አሥር ደቂቃ ሲሞላው ግን ዘፋኙ አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይመጣል።

ምን አደረግኩ? ሁሉንም ፎርማት እቀይራለሁ የሚል ሶፍትዌር አውርጄ ፋይሎቹን በሙሉ ጣልኩበትና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሁሉም ኤምፒ4 ሆነዋል። መጠናቸው በግማሽ ቀንሷል። የሙሽራዋ ቬሎ ጥልፉ ጠፍቶ ነጭ ጨርቅ ብቻ ሆኗል። ስታኩ ግን እንዳለ ነው። የስልኩ ድምፅም እንደዘገየ ነው። የሙሽራዋ አባት በየቀኑ ይደውላሉ፦ «ልጄ፣ ካሴቱ ደረሰ ወይ?»

ያኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር የሦስቱ ፋይሎች በሽታ የተለያየ መሆኑ ነው። እኔ ለሦስቱም አንድ ኪኒን አስዋጥኳቸው። ኮንቨርት ማድረግ የምንለው አንድ ሥራ አይደለም። አንዳንዱ ፋይል መያዣው ብቻ ቢቀየርለት ይበቃዋል። አንዳንዱ ቀለል ያለ ቅጂ ይፈልጋል። አንዳንዱ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ምንም የማይፈልግም አለ። ከዚህ በታች የማሳያችሁ ለየትኛው የትኛው እንደሚስማማ ነው።

የሚያስፈልጉን ሦስት ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ። ሚዲያኢንፎ ፋይሉን ይመረምራል። ሻተር ኢንኮደር ዋናውን የኮንቨርት ሥራ ይሠራል። ሃንድብሬክ ለስልክ ቪዲዮ ይጠቅመናል። ለኤዲቲንጉ እኔ ነጻውን ዳቪንቺ ሪዞልቭ እጠቀማለሁ። ፕሪሚየር ለለመዳችሁም የሚለየውን በየቦታው እጠቁማለሁ። ሪዞልቭ ጊጋ ስለሚበላ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ አውርዱት። በሞባይል ዳታ አትሞክሩት።

መጀመሪያ ኮፒ፣ ሌላው ሁሉ በኋላ

ሚሞሪው ላይ ያለውን ፋይል በቀጥታ ኮንቨርት አታድርጉ። በቀጥታ ኤዲት ለማድረግም አትሞክሩ። ሙሉውን ሚሞሪ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ሁለተኛ ቅጂ አስቀምጡ። ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው መሥራታቸውን ሳታዩ ሚሞሪውን አታጥፉ። ስታጠፉትም ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉት እንጂ ኮምፒውተር ላይ ፋይል በፋይል አትሰርዙ።

ስትገለብጡ ቪዲዮዎቹን ብቻ መርጣችሁ አታውጡ። የፎልደሩን አቀማመጥ ሳትነኩ ሙሉውን ውሰዱ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቆዩት የሶኒና የፓናሶኒክ የእጅ ካሜራዎች የሚቀርጹት ኤቪሲኤችዲ በሚባል አሠራር ነው፤ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2006 ያወጡት ነው። ቪዲዮዎቹ ስትሪም በሚባል ፎልደር ውስጥ ኤምቲኤስ በሚል ቅጥያ ይቀመጣሉ። በዙሪያቸው ያሉት ትናንሽ ፋይሎች ዋጋ የሌላቸው ይመስላሉ። ነገር ግን የትኛው ክሊፕ ከየትኛው ጋር እንደሚቀጥል የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ካሜራው ረጅም ቀረጻን በአንድ ፋይል አያስቀምጥም። ፋት32 በሚባለው አቀማመጥ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ ስለማይችል ካሜራው እየቆራረጠ ያስቀምጠዋል። የሽማግሌዎቹ ምርቃት መሃል ላይ ተቆርጦ ሁለት ፋይል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለየብቻ ኮንቨርት ካደረጋችሁ መገጣጠሚያው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይጠፋል። «አሜን» የሚለው ግማሹ ይበላል። ፎልደሩ ሙሉ ከሆነ ግን ፕሪሚየር በሚዲያ ብራውዘሩ በኩል ስታስገቡት እንደ አንድ ክሊፕ ያነበዋል። ፎልደሩ ከጠፋባችሁም ሻተር ኢንኮደር ውስጥ መርጅ የሚለውን መርጣችሁ ቁርጥራጮቹን በቅደም ተከተል አያይዙና ከዚያ በኋላ ሌላውን ሥራ ቀጥሉ። ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው፤ መጀመሪያ ማያያዝ፣ ከዚያ መቀየር።

ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ካሜራዎች ሚሞሪው በተቀየረ ቁጥር ስም መስጠት ከአንድ ይጀምራሉ። ስለዚህ በሁለት ሚሞሪ ላይ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ክሊፖች ይገኛሉ። አንድ ፎልደር ውስጥ ከጨመራችኋቸው አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ለእያንዳንዱ ሚሞሪ የራሱን ፎልደር ክፈቱለት። «ካሜራ 1 ሚሞሪ 1»፣ «ካሜራ 1 ሚሞሪ 2» እያላችሁ ስም ስጡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ፋይሉን ጠይቁት

አሁን ከየካሜራው አንድ አንድ ክሊፕ ወስዳችሁ ሚዲያኢንፎ ላይ ጣሉ። ብዙ ነገር ይዘረዝራል። እናንተ የምትፈልጉት አምስት ነገር ብቻ ነው።

ፎርማት በሚለው ፊት ኤቪሲ ካለ ኤች.264 ነው። ኤችኢቪሲ ካለ ኤች.265 ነው። የመጀመሪያው በ2003፣ ሁለተኛው በ2013 የጸደቁ ደረጃዎች ናቸው። ሁለተኛው ፋይሉን ይበልጥ ያሳንሳል፤ ላፕቶፑን ግን ይበልጥ ያስጨንቃል። ቀጥሎ የፍሬም ቁጥሩን፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ምስል እንደተቀረጸ፣ እዩ፤ 25፣ 30፣ ወይስ 50? ከዚያ የፍሬም ሞድ የሚለውን። ኮንስታንት ካለ እሰየው፤ ቫሪያብል ካለ ለብቻው አውጡትና አቆዩት። አራተኛ የስካን ዓይነት፦ ፕሮግረሲቭ (ፍሬሙ ሙሉ የሆነ) ነው ወይስ ኢንተርሌስድ (ከሁለት ግማሽ የተሸመነ)? መጨረሻ ላይ ቢት ዴፕዙን፣ ማለትም የቀለሙን ዝርዝር መጠን፣ ተመልከቱ፤ 8 ነው ወይስ 10?

እነዚህን አምስት ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ ለእያንዳንዱ ሥራ ጀርባው ላይ የምጽፍበት ደብተር አለኝ።

ስታክ የሚያደርገው ለምንድን ነው?

ይህን ካልተረዳችሁ ቀሪው ሁሉ ጥንቆላ ይመስላችኋል። ካሜራው ፋይሉን የሚያሳንሰው ሁሉንም ፍሬም ሙሉ በሙሉ ባለማስቀመጥ ነው። አንዱን ፍሬም ሙሉውን ያስቀምጣል። ቀጥለው ለሚመጡት ግን የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፦ «እጇ ትንሽ ተነሳ፣ ሌላው እንዳለ ነው»። ብዙ ጊዜ ሙሉ ፍሬም የሚመጣው በየ12 ወይም በየ15 ፍሬሙ አንዴ ነው።

ቡና ላይ ዘግይቶ የመጣ ጎረቤት አስቡ። በረካ ላይ ደርሶ «ምን እያወራችሁ ነው?» ይላል። ወሬው እንዲገባው ከአቦል ጀምሮ ሊነገረው ነው። ታይምላይን (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ መሃል ስትነኩ ላፕቶፑ የሚደርስበት ይኸው ነው። አንዷን ፍሬም ለማሳየት ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ፍሬም ያገኛል፤ ከዚያ ለውጡን አንድ በአንድ እየደመረ ይመጣል። ዝም ብሎ ለማየት ችግር የለውም፤ ወሬውን ከመጀመሪያው እየሰማ ነውና። ለመቁረጥ፣ ወደ ኋላ ለመመለስ፣ ሦስት ካሜራ ጎን ለጎን ለማየት ግን ይደክማል።

ለኤዲቲንግ የተሠሩት ኮዴኮች (ምስሉ ፋይል ውስጥ የሚታሸግባቸው አሠራሮች) እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ያስቀምጣሉ። ታዋቂዎቹ የአፕል ፕሮሬስና የአቪድ ዲኤንኤክስኤችአር ናቸው። ላፕቶፑ የትም ቦታ ቢነካ ፍሬሙን ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። ዋጋው የቦታ ጉዳይ ነው፤ ፋይሉ ይተልቃል። ስለዚህ የምስሉን ስፋት ሳትቀንሱ ኮንቨርት አድርጋችሁ ፋይሉ ካነሰ ለኤዲቲንግ የሚሆን ነገር አልሠራችሁም ማለት ነው። የኔ የመጀመሪያ ሌሊት ስህተት ይኼ ነበር፤ ኤች.264ን ወደ ሌላ ኤች.264 ቀየርኩት፣ ያውም ጨምቄ።

ሌላም ልብ በሉ። ኮንቨርት ማድረግ ጥራት አይጨምርም። 8 ቢት የተቀረጸውን ወደ 10 ቢት ብትቀይሩት መያዣው ይሰፋል እንጂ ውስጡ ያው ነው። በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ቪዲዮም በምንም ኮንቨርተር አይመለስም። ዘመድ ቪዲዮ ሲልክላችሁ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት።

መንገድ አንድ፦ መያዣውን ብቻ መቀየር

ምስሉ ተከፍቶ ድምፁ እምቢ ካለ፣ ወይም ሶፍትዌሩ ኤምቲኤስ የሚለውን ቅጥያ ጭራሽ ካልተቀበለ፣ መጀመሪያ የምትሞክሩት ይህን ነው። ማሩን ከቅል ወደ ብልቃጥ እንደ መገልበጥ ነው። ማሩ ማር ነው፤ ዕቃው ብቻ ተቀየረ።

ሻተር ኢንኮደርን ክፈቱ። ፋይሎቹን ጎትታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ጣሉ። ከተግባሮቹ ውስጥ ሪራፕ የሚለውን ምረጡ። መያዣውን ኤምኦቪ አድርጉ። የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ድምፁን ወደ ፒሲኤም ቀይሩት። ኤቪሲኤችዲ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ ድምፁን በዶልቢ ኤሲ3 ነው የሚያስቀምጡት፤ አንዳንድ ሶፍትዌር ድምፅ አልባ ምስል የሚያሳያችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ፒሲኤም ያልተጨመቀ ድምፅ ስለሆነ የማይቀበለው ሶፍትዌር አላጋጠመኝም። 48 ኪሎኸርዝ መሆኑን አረጋግጡና አስጀምሩት።

ምስሉ ስላልተነካ ጥራቱ ቅንጣት አይቀንስም። ፍጥነቱም ፋይል ኮፒ እንደ ማድረግ ነው። የዚያ የመጀመሪያው ካሜራ ችግር በዚህ ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታ ነበር። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አቃጠልኩበት።

መንገድ ሁለት፦ ፕሮክሲ

ፋይሉ ይከፈታል፣ ድምፁም አለ፣ ግን ስታክ ያደርጋል። የ4ኬ ካሜራ ላለውና መካከለኛ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው መፍትሔው ፕሮክሲ ነው። እኔ አሁን ከአሥር ሥራ ስምንቱን የምሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ፕሮክሲ ማለት ተወካይ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ክሊፕ ትንሽና ቀላል ቅጂ ይሠራለታል። የምትቆርጡት፣ የምታስተካክሉት በተወካዩ ላይ ነው። ኤክስፖርት ስታደርጉ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ስታወጡ፣ ሶፍትዌሩ ዋናውን ፋይል ራሱ ይጠራዋል።

ሪዞልቭ ላይ እንዲህ አድርጉ። አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱ። ምንም ክሊፕ ሳታስገቡ ወደ ፕሮጀክት ሴቲንግ ሂዱና የታይምላይን ፍሬም ቁጥሩን 25 አድርጉ። ይህን አሁኑኑ ካላደረጋችሁ ክሊፕ ከገባ በኋላ አይቀየርላችሁም። እኔ አንዴ ሁለት ቀን የሠራሁትን ሥራ እንደገና ጀምሬያለሁ። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ የፕሮክሲ ሪዞሉሽኑን ግማሽ ወይም ሩብ አድርጉ። የ4ኬ ግማሹ 1920 በ1080 ነው፤ ሩቡ 960 በ540 ነው። ላፕቶፓችሁ ካረጀ ሩቡ ይሻላል። ለመቁረጥ ፊት ከታየ በቂ ነው። ፎርማቱን ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ ምረጡ። ፕሮክሲው የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክም እዚያው ወስኑ፤ ሳትወስኑ ብትቀሩ ዋናውን ዲስክ ይሞላባችኋል።

ከዚያ ክሊፖቹን አስገቡ፣ ሁሉንም ምረጡ፣ ራይት ክሊክ፣ ጀነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ። ቡና አፍሉ። ሲጨርስ ፕሌይባክ ከሚለው ሜኑ ፕሮክሲን የሚያስቀድመውን ምረጡ። ፕሪሚየርም ተመሳሳይ ነው፤ ክሊፖቹ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮክሲ፣ ክሪኤት ፕሮክሲስ። ፕሪሚየር ላይ አንድ ቁጣ አለ። ፕሮክሲውን ራሳችሁ በሌላ ሶፍትዌር ሠርታችሁ ልታያይዙ ከሆነ የድምፅ ቻናሉ ቁጥር ከዋናው ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ አልቀበልም ይላል።

ሶፍትዌሩ ለፕሮክሲው የሰጠውን ስም አትቀይሩ። የፍሬም ቁጥሩም ከዋናው ጋር አንድ ይሁን። ስሙን «ለማሳመር» የቀየራችሁ እንደሆነ ተወካዩ ወካዩን ያጣል።

መንገድ ሦስት፦ ሙሉ ኮንቨርት

ሶፍትዌሩ ፋይሉን ጭራሽ ካልከፈተው ወደዚህ ኑ። በተለይ 10 ቢት 4:2:2 (የቀለም መረጃው ብዙ ያልተቀነሰ) የሆነ ኤች.265 የሚቀርጹ አዳዲስ ካሜራዎች እዚህ ያደርሷችኋል። ብዙ ላፕቶፕ ይህን ዓይነቱን ፋይል በሃርድዌሩ መፍታት አይችልም። በኢንቴል በኩል የ11ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይችለዋል፤ ከሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ አይችሉም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሂሳብ ሥሩ። ቀላል ዘዴ አለኝ። የፋይሉን ሜጋቢት በሰከንድ በ0.45 አባዙት፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ስንት ጊጋ እንደሚይዝ ይነግራችኋል። በ24 ሜጋቢት የተቀረጸ ኤቪሲኤችዲ በሰዓት ወደ 11 ጊጋ ነው። በ100 ሜጋቢት የተቀረጸ 4ኬ 45 ጊጋ ይሆናል። አሁን ወደ ኤዲቲንግ ኮዴክ እንሂድ። ፕሮሬስ 422፣ በ1080 እና በ25 ፍሬም፣ 122 ሜጋቢት ነው። በሰዓት 55 ጊጋ ማለት ነው። ኤልቲ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነቱ 85 ሜጋቢት ነው፤ 38 ጊጋ። ወደ 4ኬ ስትሄዱ ቁጥሩን በአራት አባዙት። አንድ ሰርግ ላይ ስድስት ሰዓት 4ኬ ቀርጻችሁ ሁሉንም ወደ ፕሮሬስ 422 ብትቀይሩ ከ1.3 ቴራ በላይ ትፈልጋላችሁ። ለዚህ ነው ሙሉ ኮንቨርትን የመጨረሻ አማራጭ የማደርገው፤ ለዚህም ነው ከፕሮክሲ ጋር የታረቅኩት።

የግድ ከሆነ ግን ሻተር ኢንኮደር ላይ ዲኤንኤክስኤችአር ምረጡ። ለ8 ቢት ቀረጻ ኤስኪው ይበቃል። ብዙ የቀለም ሥራ ካለባችሁ ኤችኪው። ለ10 ቢት ቀረጻ ኤችኪውኤክስ መምረጥ አለባችሁ፤ ኤስኪውም ኤችኪውም 8 ቢት ስለሆኑ የከፈላችሁበትን 10 ቢት ይጥሉታል። ድምፁ ፒሲኤም ይሁን። የፍሬም ቁጥሩን አትንኩ፤ 50 የነበረው 50 ይቆይ። መጀመሪያ በአንድ አጭር ክሊፕ ሞክሩ፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገብታችሁ ቀለሙን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን እዩ። ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ ወይም ነጩ ከበራ፣ የቪዲዮ ሌቭሉ (የጥቁርና የነጭ ወሰኑ) ፉል ወይስ ሊሚትድ የሚለው ተዛብቷል ማለት ነው። ሁለት መቶ ክሊፕ ከቀየሩ በኋላ ይህን ማወቅ ያስለቅሳል።

የስልክ ቪዲዮና የሚሸሸው ድምፅ

ስልክ ፍሬሙን በእኩል ርቀት አይቀርጽም። ብርሃኑ ሲቀንስ ወይም ስልኩ ሲግል ፍጥነቱን ያወርዳል፤ ሲመቸው ይጨምራል። ሚዲያኢንፎ ቫሪያብል ያለን ይህን ነው። ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ደግሞ ፍሬሞቹ እኩል ናቸው ብሎ ይቆጥራል። ድምፁ በትክክለኛው ሰዓት ይሄዳል፣ ምስሉ ይሸሻል። አጭር ክሊፕ ላይ አይታወቅም። ረጅም ዘፈን ላይ ግን ይጋለጣል።

ሃንድብሬክን ክፈቱና ፋይሉን ጣሉበት። ቪዲዮ በሚለው ክፍል ውስጥ የፍሬም ቁጥሩን በስልኩ መሠረት አስቀምጡ፤ ብዙ ጊዜ 30 ነው። ከሥሩ ኮንስታንት የሚለውን ምረጡ። ዋናው ቁልፍ ይኼ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይህን አትርሱ። የጥራት መንሸራተቻውን 18 አካባቢ አድርጉ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። የሚወጣው ኤች.264 ስለሆነ አሁንም ትንሽ ሊከብድ ይችላል። ከከበደ ፕሮክሲ ሥሩለት።

30 የነበረው 25 ታይምላይን ላይ ሲገባ እንቅስቃሴው ትንሽ መንጠር አለው። መድኃኒት የለውም፤ ክሊፑን አሳጥራችሁ ተጠቀሙበት። ከቻላችሁ ግን ዘመድየው ከመቅረጹ በፊት ስልኩን ተቀብላችሁ ሴቲንጉን 25 አድርጉለት። ሁሉም ስልክ ይህ ምርጫ የለውም።

ሲያልቅ መጀመሪያውን ሳይሆን መጨረሻውን እዩ። ጭብጨባ ወይም ከበሮ የሚመታ እጅ ፈልጉ። እጁና ድምፁ ከገጠሙ ተፈውሷል።

ማበጠሪያው

የቆዩት ካሜራዎች 50አይ በሚል ይቀርጻሉ። እያንዳንዱ ፍሬም ከሁለት ግማሽ ምስሎች፣ መስመር በመስመር፣ የተሸመነ ነው። ሰው ሲጨፍር አቁማችሁ ብታዩት እጁ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቁ መስመሮች ይወጣሉ። ሚዲያኢንፎ ኢንተርሌስድ ካላችሁ ኮንቨርት ስታደርጉ ዲኢንተርሌስ የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። አንድ ጊዜ ብቻ። እዚህም ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩም ውስጥ ከደገማችሁት ምስሉ ይደበዝዛል።

መብራት ሲጠፋ

ይህ ክፍል የውጭ መመሪያዎች ውስጥ ቦታ የለውም፤ እኛ ጋ ግን ዋናው ነው። ኤምኦቪና ኤምፒ4 ፋይሎች ማውጫቸውን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት መጨረሻ ላይ ነው። 95 ከመቶ ደርሶ መብራት ከጠፋ 95 ከመቶ የሆነ ፋይል አይኖራችሁም። የማይከፈት ፋይል ነው የሚኖራችሁ።

ስለዚህ የሦስት ሰዓት ቀረጻን በሙሉ በአንድ ፋይል አያይዛችሁ አትቀይሩ፤ ማያያዝ የሚገባው ካሜራው የቆራረጠው ብቻ ነው። ክሊፕ በክሊፕ ሲሄድ ያለቀው አለቀ፤ የሚበላሸው መሃል ላይ ያለችው አንዷ ብቻ ናት። መብራት ሲመለስ የመጨረሻዋን አጥፉና ከእሷ ቀጥሉ። ላፕቶፕ ያላችሁ ባትሪው መሥራቱን አረጋግጡ። ሃርድ ዲስኩ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ትንሹ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። በግድግዳ ሶኬት የሚሠራው ትልቁ ዲስክ ላፕቶፑ በርቶ እያለ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ፤ ከካሜራ ሌንስ በፊት።

እግረ መንገዴን፦ ሌንሶቻችሁንና ዲስኮቻችሁን ለጅማ እርጥበት አትተዉ። ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያወጣል። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀረጸ ድምፅም ዝናቡን ብቻ ነው የሚያወራው፤ ለዚያ ኮንቨርተር አልተሠራም።

ኤክስፖርት ከመጫናችሁ በፊት

ዋናው ፋይል ያለበት ሃርድ ዲስክ መሰካቱን እዩ። ሪዞልቭም ፕሪሚየርም ኤክስፖርት ሲያደርጉ ካላዘዛችኋቸው በስተቀር ዋናውን ፋይል ነው የሚጠቀሙት። ፕሮክሲን ተጠቀም የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት እንዳይኖርበት። ደንበኛ ጋ የደበዘዘ ሰርግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በዚህች ሳጥን ሰበብ ነው።

ለቀጣዩ ቀረጻ ደግሞ ግማሹን ሥራ ከካሜራው ጀምሩ። የቪዲዮ ሲስተሙን ፓል አድርጉት፤ 25 ወይም 50 ፍሬም ይሰጣችኋል። ሹተሩን 1/50 አድርጉ። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ያሉት መብራቶች ቪዲዮው ላይ አይርገበገቡም። ሁሉም ካሜራ አንድ ዓይነት ከሆነ የኮንቨርቱ ሥራ ራሱ በግማሽ ይቀንሳል። አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ከኤንቲኤስሲ (30 ወይም 60 ፍሬም ከሚሰጠው ሲስተም) ወደ ፓል ሲቀየሩ ሚሞሪው ፎርማት ይደረግ ይላሉ፤ ይህን ሰርጉ ቤት በር ላይ ሳይሆን ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት።

ሥራው ከተረከበ በኋላ ፕሮክሲዎቹንና ዲኤንኤክስኤችአሮቹን አጠፋቸዋለሁ። ከዋናው ፋይል እንደገና ይሠራሉ። የማስቀምጠው የካሜራውን ዋና ፋይል፣ የፕሮጀክቱን ፋይልና ያለቀውን ቪዲዮ ነው።

እና እኚያ አባት? በመጨረሻ ቪዲዮው ሲያልቅ የራሳቸውን ፍላሽ ይዘው መጡ። 32 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ የኔ ፋይል 6 ጊጋ ነው። አልገባም አለ። ፍላሹ ፋት32 ነበር፤ ያ የካሜራው የ4 ጊጋ ወሰን ዞሮ እዚህም አገኘኝ። ኤክስፋት ብዬ ፎርማት አደረግኩት፣ ፋይሉም ገባ። ማታ ደወሉ። «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ፍላሹን አላውቀውም ይላል።» የቆየ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን ላያነብ ይችላል። በማግስቱ ፍላሹን ወደ ፋት32 መለስኩት። ሰርጉንም እያንዳንዳቸው ከ4 ጊጋ በታች በሆኑ ሁለት የኤች.264 ኤምፒ4 ፋይሎች ከፈልኩት። የከፈልኩት ምሳው አልቆ ጭፈራው ሊጀመር ሲል ነው። እሳቸው እስከ ዛሬ «ካሴት አንድ» እና «ካሴት ሁለት» ይሏቸዋል።